የተከዜን ልጅ ውሃ ጠማው!

ጠቅላይ ሚኒስትሩ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የቀይ ባሕርን ጉዳይ ካነሱ ወዲህ የሻይ ቤቱ ሊቃውንት በዝተዋል። «ባሕሩ ይምጣ እንጂ ጨዉን አጣርተን እንጠጣዋለን፤ ጥማት ቀረ!» ይሉናል። እስቲ ላስታ ድረስ አምጡልና!

እውነቱን አልክድም። ጨው ማጣራት ለባሕር ዳር ሰው በረከት ነው። ዝናብ ቢቀር ባሕር አይነጥፍም። እስራኤልና ሳዑዲ ዐረቢያ ይኖሩበታል። አፋር ውስጥም የጉድጓዱ ውሃ ጨው በሆነበት ቀበሌ አነስ ያለ ማጣሪያ ቢተከል ማን ይጠላል?

ዕዳውስ? አንድ ሜትር ኪዩብ የባሕር ውሃ ለማጣራት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት መብራት ይበላል። ጨው የበዛበት ትራፊም ተመልሶ ባሕር ውስጥ ይደፋል። ላሊበላ ደግሞ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው ያለችው። ያንኑ ውሃ ሽቅብ ለመግፋት ብቻ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። የማጣሪያውን እጥፍ ማለት እኮ ነው! በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋ ሲደርስ መብራቱም ውሃውም አብረው እንደጠፉ ረሳችሁት?

ጉድ በል ላስታ! ባሕር ደጃፏ ላይ ያለው ጅቡቲ እንኳ በ2013 ዓ.ም. ማጣሪያ ብታስመርቅም፣ ከእኛው ከአዲጋላ ከርሰ ምድር በቧንቧ ውሃ ትቀዳለች። ባሕር ብቻውን ጥም ቢቆርጥ ኖሮ እኛ ዘንድ ምን አመጣት?

ከላሊበላ ወጣ ብሎ በዋሻ ውስጥ ያለውን ነአኩቶ ለአብን የተሳለመ ሰው መልሱን አይቶታል። ከዋሻው ጣራ ጠብ ጠብ ለሚለው ውሃ አባቶች የተቦረቦረ ድንጋይ ደቅነውለታል። ጠብታው ተጠራቅሞ ጸበል ይሆናል፤ ምእመኑም ይጠመቅበታል፣ ይጠጣዋል። እኔም ቀምሼዋለሁ።

እነሱ ለጠብታ ደቀኑ፤ እኛ ለጎርፉ ምን ደቀንን? ሐምሌና ነሐሴ የላስታ ዝናብ አፈሩን ጠርጎ በየገደሉ ወደ ተከዜ ይወርዳል። በጋ ሲገባ እናቶች ጀሪካን አዝለው ቁልቁለቱን ይወርዳሉ፤ ሽቅቡን ያቃስታሉ። ጥፋቱ የሰማይ አይደለም፤ የኛ የሰዎቹ ነው።

ስለዚህ ባለሥልጣኖቻችን ሆይ፣ ባሕሩን ለጊዜው ተዉት። ምንጩን አጎልብቱ፤ በየትምህርት ቤቱና በየጤና ጣቢያው ቆርቆሮ ሥር ማጠራቀሚያ ትከሉ፤ እርከኑን አሠሩ፤ የተበላሸውን ፓምፕ ጠግኑ። ይህ ሪባን አያስቆርጥ ይሆናል። ጥም ግን ይቆርጣል!