ሰዓቱን ማን ይመስክር?

ባለፈው ሰሞን ነርስ የሆነችው የእህቴ ልጅ አንድ ፖስታ ይዛ መጣችና፣ «ጋሼ፣ አንተ ሕግ ታውቃለህ፤ እስቲ ይህ ደብዳቤ ይበቃኝ እንደሆነ እይልኝ» አለችኝ። በአንድ የአዲስ አበባ የግል ሆስፒታል ስምንት ዓመት ሠርታ፣ እናቷን ለማስታመም በጥር 2014 ዓ.ም. ሥራዋን የለቀቀች ናት። አሁን ባለቤቷ ወደሚኖርበት ሜልቦርን ልትሄድ ነው። እዚያም በሙያዋ ተመዝግባ መሥራት ትፈልጋለች።

ደብዳቤው ሁላችንም የምናውቀው ዓይነት ነው። ከላይ «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። ቀጥሎ ከ2006 እስከ 2014 ዓ.ም. በነርስነት ማገልገሏን፣ ደመወዟንና ታታሪነቷን ይገልጻል። ከታች ፊርማና ክብ ማኅተም አለው። በእንግሊዝኛው ቅጂ ላይ ግን የዘመን አቆጣጠሩ የማን እንደሆነ አልተጻፈም። «ይበቃል» ልላት ነበር፤ የአውስትራሊያውን መመዘኛ ሳነብ ሐሳቤን ለወጥኩ።

የአውስትራሊያ የነርሶችና አዋላጆች ቦርድ በ2016 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ ያዋለው መመዘኛ፣ አመልካች ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 450 ሰዓት በሙያው መሥራቱን እንዲያሳይ ይጠይቃል። ይህን ላላሟላ ሰው ቦርዱ የሚቀበለው ሥልጠና፣ ምዘና ወይም በሌላ ባለሙያ ክትትል ሥር የመሥራት መንገድ አለ፤ ሁሉም ግን ጊዜና ገንዘብ ይፈልጋል። እንግሊዝም ከዚያው ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነርሶቿ ምዝገባቸውን በየ3 ዓመቱ ሲያድሱ 450 የሥራ ሰዓት ትጠይቃቸዋለች።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ያነበብኩት በጥርጣሬ ነው። እንደኛ ካለ አገር የሚመጣን ባለሙያ ለማስቀረት የታጠረ አጥር መስሎኝ ነበር። አይደለም። ልጆቿን ለማሳደግ ስድስት ዓመት ቤት የዋለች አውስትራሊያዊት ነርስም ስትመለስ የምትጠየቀው ይህንኑ ነው። መድኃኒት ይለወጣል፣ አሠራር ይሻሻላል፣ እጅም ይረሳል። በሽተኛው መርፌ የምትወጋውን ነርስ «ለመጨረሻ ጊዜ የሠራሽው መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ስለማይችል ሕጉ ይጠይቅለታል።

መጠኑም ከባድ አይደለም። በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው 450 ሰዓት ሦስት ወር እንኳ አይሞላም። የሚከብደው መሥራቱ ሳይሆን መሥራትን ማስረዳቱ ነው።

ደብዳቤውን በአንድ የአውስትራሊያ መርማሪ ዓይን እንየው። የማን አቆጣጠር እንደሆነ ያልተገለጸውን 2014 ሲያይ፣ ልጅቷ ሥራ ካቆመች ከአሥር ዓመት በላይ ያለፋት ይመስለዋል። ቢገለጽለት እንኳ የእኛ 2014 ከመስከረም 2021 እስከ መስከረም 2022 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ ነው። ወሩ ካልተጠቀሰ፣ ከሥራዋ ምን ያህሉ በአምስቱ ዓመታት ውስጥ እንደወደቀ ሊያውቅ አይችልም። በየቀኑ ትግባ ወይም በሳምንት አንድ ሌሊት ብቻ፣ የሚናገር መስመርም የለም። ስምንት ዓመት የሠራች ነርስ 450 ሰዓት ማስረዳት አቃታት ማለት ነው።

ጊዜውም አይጠብቃትም። አምስቱ ዓመታት የሚቆጠሩት ወደ ኋላ በመሆኑ፣ በዘገየች ቁጥር ከሥራዋ እየተቆረጠ ይሄዳል። ከጥር 2019 ዓ.ም. በኋላ ብታመለክት፣ በሰዓቱ ስሌት ስምንቱ ዓመታት እንደ አንድ ሰዓት እንኳ አይቆጠሩላትም። ደብዳቤው እንዲስተካከልላት ሦስት ጊዜ ተመላልሳለች። ያገኘችው መልስ «ፎርማታችን ይኸው ነው» የሚል ነው።

ሆስፒታሉ ሕግ ጥሷል ለማለት ይከብደኛል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በነፃ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። ሦስቱም በደብዳቤው አሉ። ሰዓት ጻፍ ግን አላለውም። የእኛ አንቀጽ የሚያስበው ለሠራተኛው ነው፤ የእነሱ መመዘኛ የሚያስበው ለበሽተኛው ነው። የእህቴ ልጅ በሁለቱ መካከል ወድቃለች።

የማስረዳት ሸክም በአመልካቹ ላይ መሆኑ ትክክል ነው። ማስረጃው ግን በእሷ እጅ የለም። የፈረቃ ሰሌዳውም ሆነ የደመወዝ ሰነዱ ያለው በአሠሪው መዝገብ ቤት ነው። ሸክሙ የአንዱ፣ ማስረጃው የሌላው ሲሆን ጉዳዩ በአንድ የሰው ኃይል ኃላፊ በጎ ፈቃድ ላይ ይንጠለጠላል።

«ነርሶቻችን እንዲሄዱ መንገድ እንጥረግላቸው ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን መሄድ የቆረጠን ሰው ደብዳቤ አያስቀረውም። ትሄዳለች፤ እዚያም በነርስነት ፈንታ ሌላ ሥራ ትይዛለች። እኛም ነርስ አጣን፣ እነሱም ነርስ አላገኙም።

ደግሞስ ጉዳዩ የተጓዦች ብቻ ነው? በአገራችንም የሙያ ፈቃድ ለማደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ይጠየቃል። ሥልጠና ላይ መቀመጥና በሽተኛ አጠገብ መቆም ግን አንድ አይደሉም። ከዓመታት በኋላ ወደ ሥራ የምትመለስ ነርስ ስትቀጠር፣ የተጻፈ ሰዓት ከሌለ ቀጣሪው በምን ይመዝናታል?

ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ አንድ ገጽ ቅጽ ይበቃል። ሥራው የተጀመረበትና ያበቃበት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የሠራችበት ክፍል፣ በሳምንት የሠራችው ሰዓት፣ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥ ኃላፊ ስምና አድራሻ። ጤና ሚኒስቴር ይህን ቅጽ አዘጋጅቶ ለመንግሥትም ለግልም ሆስፒታሎች ቢያስተላልፍ ወጪው የወረቀት ብቻ ነው።

ለእህቴ ልጅ የጻፍኩላት ማመልከቻ ይህንኑ ይጠይቃል። ለአራተኛ ጊዜ ይዛ ሄዳለች። ማኅተም መምታት ለማይከብደው ቢሮ ቀንና ሰዓት መጻፍ ሊከብደው አይገባም።