ድጎማው የማን ነው? የአሜሪካ ፓርቲዎችና የጤና መድን ሙግት

እ.ኤ.አ በ2025 መኸር የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለ43 ቀናት በከፊል ተዘግቶ ቆየ። እስከዚያ ጊዜ ከታዩት መዘጋቶች ሁሉ ረጅሙ ነበር። ዋናው መነሻ «ኦባማኬር» በሚባለው ሥርዓት መድን ለሚገዙ ሰዎች የሚሰጠው ተጨማሪ ድጎማ ነው። ዴሞክራቶች ይራዘም አሉ፤ ሪፐብሊካኖች ደግሞ መጀመሪያ መንግሥት ይከፈት አሉ። ዓመቱ ሲያልቅ ተጨማሪው ድጎማም አብሮ አበቃ።

ሙግቱን ለመረዳት የገንዘቡን መንገድ መከተል ያስፈልጋል። ድጎማው የሚሰላው በቤተሰቡ ገቢ ነው። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ በቀጥታ የሚገባው ለኢንሹራንስ ኩባንያው ነው፤ ተጠቃሚው ቀሪውን ይከፍላል። ስለዚህ አንዱ ወገን «ለኩባንያ የሚሰጥ ድጎማ ነው» ሲል፣ ሌላው «ለሠራተኛው ቤተሰብ የሚሰጥ ድጋፍ ነው» ይላል። ሁለቱም ግማሹን እውነት ይዘዋል። ፕሬዚዳንት ትራምፕም ገንዘቡ ለኩባንያዎቹ መሰጠቱ ቀርቶ በቀጥታ ለሕዝቡ ይሰጥ ብለው ነበር።

ይህ በግል ኩባንያዎች ላይ የተመሠረተ አሠራር ግን ከየት መጣ? እያንዳንዱ ሰው መድን እንዲገዛ የሚያስገድደውን ሐሳብ እ.ኤ.አ በ1989 ያቀረበው ሄሪቴጅ ፋውንዴሽን የተባለው የወግ አጥባቂዎች የጥናት ተቋም ነው። በ2006 ሪፐብሊካኑ ሚት ሮምኒ በማሳቹሴትስ ግዛት ሥራ ላይ አዋሉት። ኦባማ በ2010 በአገር ደረጃ ሲያጸድቁት ግን አንድም የሪፐብሊካን እንደራሴ ድምፅ አልሰጠም። ዴሞክራቶቹም በበኩላቸው ድምፅ ለማሟላት ሲሉ መንግሥት ራሱ የሚያቀርበውን አማራጭ መድን ከሕጉ አውጥተውታል። ኩባንያዎቹ በሁለቱም በኩል ቦታቸውን አላጡም።

ስለ ኩባንያ ድጎማ የሚደረገው ክርክርም ከዚህ አይለይም። ሪፐብሊካኖች ፓርቲያችን የሊንከን ፓርቲ ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ሊንከን ግን በ1862 ባጸደቁት ሕግ ለባቡር ኩባንያዎች ሰፊ መሬትና የመንግሥት ብድር ሰጥተዋል። በ2008 ባንኮችን ለማዳን የ700 ቢሊዮን ዶላር ሕግ የፈረሙት ሪፐብሊካኑ ጆርጅ ቡሽ ነበሩ፤ በታችኛው ምክር ቤት ግን አብዛኛውን የድጋፍ ድምፅ የሰጡት ዴሞክራቶች ናቸው። በ2022 ባይደን ለቺፕ አምራቾች 52 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የያዘ ሕግ ፈረሙ። ትራምፕ ሕጉን ሲያወግዙ ቆይተው በ2025 ከዚያው ገንዘብ ለኢንቴል የተመደበውን ወደ 10 በመቶ ገደማ የመንግሥት ድርሻ ለወጡት።

ይህ ማለት ግን ሁለቱ ፓርቲዎች አንድ ናቸው ማለት አይደለም። በ1965 ለአረጋውያን ሜዲኬርን፣ ለድሆች ሜዲኬይድን ያጸደቁት ዴሞክራቱ ጆንሰን ናቸው። በ2003 በቡሽ የተፈረመው የመድኃኒት ሕግ መንግሥት በሜዲኬር ስም ከመድኃኒት አምራቾች ጋር በዋጋ እንዳይደራደር ከልክሎ ነበር። ክልከላው ለተወሰኑ መድኃኒቶች የተነሣው በ2022 ነው፤ ያኔም አንድ ሪፐብሊካን አልደገፈም። ልዩነቱ የሚታየው በፓርቲው ስም ሳይሆን በእያንዳንዱ ሕግ ዝርዝር ውስጥ ነው።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአሜሪካ ታክሲና ኡበር የሚያሽከረክሩ፣ ትንንሽ ሱቅና ምግብ ቤት የሚያስተዳድሩ ወገኖቻችን መድን የሚሸፍንላቸው ቀጣሪ የላቸውም። ብዙዎቹ የሚገዙት ከዚሁ ገበያ ነው። ከድህነት ወለል አራት እጥፍ በላይ ገቢ ያለው ቤተሰብ አሁን ምንም ድጎማ አያገኝም፤ ከዚያ በታች ያለውም ከበፊቱ የበለጠ ይከፍላል። አንድ ወር ብዙ ሰዓት የነዳ ሾፌር ዓመታዊ ገቢው ከዚያ መስመር ትንሽ ቢያልፍ ድጎማውን ሙሉ በሙሉ ሊያጣ፣ የወሰደውንም ሊመልስ ይችላል።

ስለዚህ ከሁለቱ ፓርቲዎች አንዱ ድምፃችሁን ፍለጋ ሲመጣ ስለ ሊንከንም ሆነ ስለ ጆንሰን የሚነግራችሁን ስሙ። ከዚያ ግን ጠይቁት፦ ገንዘቡ በማን እጅ ይገባል? ኩባንያው በምላሹ ምን ግዴታ አለበት? ወሩ ሲያልቅ የእኔ ቤተሰብ ስንት ይከፍላል? ለእነዚህ በቁጥር የማይመልስ ሰው ታሪክ እየነገራችሁ ነው እንጂ ፖሊሲ አላመጣላችሁም።