ማንበብ ጠላ ወይስ ማንበብ አቃተው?



ብዙ ባለትዳሮች «ልጃችን መጽሐፍ ሲያይ ይሸሻል፤ ሰነፍ ነው» ይላሉ። አባት በቁጣ፣ እናት በልመና ይሞክራሉ። አልሆን ሲል «አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» መባባል ይመጣል። ልጁም መሐል ሆኖ ሰነፍ መሆኑን አምኖ ያድጋል።

ለመሆኑ ልጁ የማያነበው ስለማይወድ ነው ወይስ ስላልቻለ? እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት በኔዘርላንድስ የሚኖሩ ከ11,000 በላይ የ7 ዓመት ገደማ መንትዮችን ተመልክቶ ነበር። ውጤቱ እንዳመለከተው በዚህ ዕድሜ ማንበብ የቀለላቸው ልጆች በፈቃዳቸው ብዙ ያነባሉ፤ የከበዳቸው ይሸሻሉ። ስለዚህ ሽሽቱ ብዙ ጊዜ የችግሩ ምልክት እንጂ ሥሩ አይደለም።

ሽሽቱ ሲቆይ ግን ችግሩን ያባብሰዋል። የሥነ ልቦና ምሁሩ ኪት ስታኖቪች እ.ኤ.አ. በ1986 ይህን «የማቴዎስ ውጤት» ብሎ ገልጾታል። ስያሜው የመጣው በማቴዎስ 25 ካለው የመክሊት ምሳሌ ነው። የሚያነብ ልጅ ቃላትና እውቀት ይጨምራል፤ የማያነብ ከእኩዮቹ እየራቀ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ግን እናስተውል። በምሳሌው ሰነፍ የተባለው ባሪያ መክሊቱን በእጁ ተቀብሎ የቀበረ ነው። ፊደሉን በቅጡ ያልተቀበለን ሕፃን «ቀበርክ» ብለን ልንወቅሰው አንችልም።

የእኛ ፊደል 33 ዋና ዋና ሆሄያት በሰባት ሰባት ድምፅ ተባዝተው 231 ይሆናሉ። ብዙ ልጆች ሀሁን በዜማ ያወርዱታል፤ ከመሐል «ቤ»ን ወይም «ጉ»ን ስታመለክቷቸው ግን ይጠፋባቸዋል። ሰ እና ሸ፣ ደ እና ጀ፣ ነ እና ኘ ይምታቱባቸዋል። እንግዲህ ከመቆጣት በፊት ዛሬ ማታ ሳታስጨንቁት ፊደላቱን ከመሐል ከመሐል ጠይቁት። የትኛው እንደ ጠፋው ታውቃላችሁ።

ከዚያ በኋላ እነዚህን አድርጉ፦

በየቀኑ ከእራት በኋላ አሥር ደቂቃ ብቻ መድቡ። የጠፉትን ሆሄያት ሦስት ሦስት እያደረጋችሁ አስጠኑት፤ በነዚያ የተሠሩ አጫጭር ቃላት ያንብብ። ሲሳሳት በለሰለሰ ድምፅ አርማችሁ ቀጥሉ።

አባቶች ሆይ፣ ይህን ለእናት ብቻ አትተዉ። በተራ አድርጉት።

ንባብን ቅጣት አታድርጉ። «አጥፍተሃልና ሂድ አንብብ» የተባለ ልጅ መጽሐፍን ከጥፋቱ ጋር ያያይዘዋል። ከእኅቱ ወይም ከጎረቤት ልጅ ጋርም አታወዳድሩት።

እናንተም አንብቡለት፤ አያት ካሉ ተረት ይንገሩት። በጆሮው የሰማውን ቃል በገጹ ላይ ሲያገኘው ቶሎ ያውቀዋል። ማንበብ የማትችሉ ወላጆችም በዚህ በኩል ብዙ መርዳት ትችላላችሁ።

ለወራት ሞክራችሁ ለውጥ ካላያችሁ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ፤ መምህሩንም አነጋግሩ።

የሰንበት ትምህርት አስተማሪዎችም ይህን ልብ በሉ። ያልተዘጋጀን ልጅ በጓደኞቹ ፊት ድንገት ጥቅስ አታስነብቡት። አንድ ጊዜ የተሳቀበት ልጅ ከመጽሐፉ ብቻ ሳይሆን ከክፍሉም ሊቀር ይችላል። ጥቅሱን ከቀናት በፊት ስጡት፤ ቤቱ ተለማምዶ ይምጣ።

በቤታችሁ «ሰነፍ» የሚለው ቃል ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። በቦታው «ና፣ አብረን እንየው» ይባል።