ጠፍሩም ምላጩም ለየግል!

እናንተዬ፣ ባለፈው ቅዳሜ አረፋ እንደተቀባሁ ከፀጉር ቤት ልወጣ ነበር!

እዚሁ አዘዞ ነው። ወረፋዬ ደረሰና ተቀመጥኩ፤ ፎጣው አንገቴ ላይ ታሰረ፤ አረፋው ተቀባ። ፀጉር አስተካካዩ (ዕድሜያቸው ከአባቴ ይበልጣል) ያንን የድሮ ታጣፊ ምላጭ ዘረጉና ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ጠፍር በግራ እጃቸው ወጠሩ። ሿ… ሿ… ሿ…። እውነቱን ልናገር? ድምፁ ደስ ይላል። ግን ያ ምላጭ ከደቂቃዎች በፊት ከእኔ ቀድመው በተላጩት ሰውዬ ጉንጭ ላይ ነበር። ጉንጫቸው ደግሞ ትንሽ ደምቷል።

«ጋሼ፣ አዲስ ምላጭ ቢያደርጉልኝ?»

«አንተ ልጅ፣ አባትህንም የላጨሁት በዚሁ ነው! ጠፍሩ ያጸዳዋል።»

ወረፋ ጠባቂዎቹ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ጠፍር አያጸዳማ! እንኳን ሊያጸዳ፣ በደንብ ካየነው አይስልም። የሚስለው ድንጋይ ነው። ጢም ስንላጭ በዓይን የማይታየው የስለቱ ጫፍ ይጣመማል፤ ጠፍሩ እሱን ያቃናል፣ ያለሰልሳል። ሥራው ይኸው ነው።

የጠፍር ጠላት እንዳልባል፣ የአያቴ ታጣፊ ምላጭ ዛሬ የእኔ ነው። ጠፍር ስመርጥለት ብዙ ተሳስቻለሁ። መጀመሪያ የሱሪ ቀበቶ ሞከርኩ፤ ስፌቱና ማኅተሙ ስለቱን አበላሸው። የሚሻለው ገጹ ለስላሳ የሆነ፣ ጭረትና ጉብታ የሌለው፣ ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ የከብት ቆዳ ነው። ሲሠሩበት በደንብ ይወጠራል፤ ከረገበ የምላጩን አፍ ያዶለዱማል። ምላጩ ጠፍሩ ላይ ተኝቶ፣ ጀርባው ከፊት ስለቱ ከኋላ ሆኖ ይጎተታል። ጫፍ ሲደርስ በጀርባው ይገለበጥና ይመለሳል። በስለቱ በኩል ከገፋችሁት ጠፍሩንም ጣታችሁንም ትቆርጣላችሁ። መጫን አያስፈልግም፤ ሠላሳ ጊዜ ያህል መመላለስ ይበቃል።

ይህ ሁሉ ግን ለአንድ ሰው፣ በአንድ ምላጭ፣ በአንድ ጠፍር ነው። ፀጉር ቤት ሲገባ ታሪኩ ይለወጣል። ቆዳ ቀዳዳ አለው፤ ደምና እርጥበት ይመጣል። አይቀቀል፣ በበረኪና አይዘፈዘፍ ነገር፣ ይበላሻል። ስለዚህ ምላጩን በአልኮል ቢጠርጉት እንኳ መልሰው ጠፍሩ ላይ ሲያሹት የቀደመውን ደንበኛ ቆሻሻ ይዞ ሊመለስ ይችላል። የጉበት በሽታ የሚያመጣው የሄፒታይተስ ቢ ቫይረስ ደግሞ ከሰውነት ውጪ ቢያንስ ለ7 ቀን በሕይወት ይቆያል። ከባለፈው ቅዳሜ እስከዚህኛው ቅዳሜ ማለት ነው!

«ደንበኛው ረከሰ የሚለውን ነው የሚፈልገው» የሚሉ አሉ። ይገባኛል፣ ኑሮው ተወዷል። ግን ግማሽ ምላጭ የሚገባበት እጀታ አለ፤ አንዱ ምላጭ ለሁለት ይሰበርና ለሁለት ሰው ይሆናል። ብዙ ፀጉር ቤቶች እንዲህ ነው የሚሠሩት። አሮጌውን የሙጥኝ ያሉት ላይ የምናጣው ሳንቲም አይደለም፤ የምንጠይቅበት አፍ ነው።

አዎ፣ ከጠፍሩ በላይ የሚያስፈራኝ ይሉኝታችን ነው። ዩኒቨርሲቲያችን በ1947 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ነው። የጤና ትምህርት እንዲህ የቆየበት ከተማ ልጆች ሆነን፣ ትልቅ ሰው እንዳይቀየመን ብለን ጉንጫችንን እንሰጣለን። ስለ ኤች አይ ቪ «ስለታም ነገር በጋራ አትጠቀሙ» ሲባል እየሰማን ያደግን ልጆች! ወንበሩ ላይ ስንቀመጥ ሁሉም ይጠፋብናል።

ጋሼን የምጠይቃቸው ስለናቅኋቸው አይደለም። እጃቸውን ስለማምነው ነው ወንበራቸው ላይ የምቀመጠው። ማክበር ግን ዝም ማለት አይደለም። የአባቴ ዕድልም ለእኔ ማስተማመኛ አይሆነኝም።

የኋላ ኋላ ጋሼ እያጉረመረሙ መሳቢያቸውን ከፈቱና አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ አወጡ። ከኋላዬ ሲስቁ ከነበሩት አንዱ ቀስ ብሎ «ለእኔም እንደሱ» አለ።

አበው «ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ» ይላሉ። እባካችሁ ሳያብጥ እንጠይቅ።