ሞዴል በመልኩ ብቻ አይመዘን

ከአሻንጉሊት ጡቦች የተገጣጠመ የከባድ ግንባታ ማሽን ሞዴል ሲታይ ሁለት ዓይነት አስተያየት መሰማቱ የተለመደ ነው። አንዱ ወገን «የልጆች ጨዋታ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሌላው ደግሞ «ቁርጥ እውነተኛውን ይመስላል!» እያለ ያደንቀዋል። እኛ ግን ሁለቱም ወገኖች የሞዴሉን ዋና ጥቅም ስተውታል እንላለን። በእኛ እምነት የአንድ ሞዴል ትምህርታዊ ዋጋ የሚለካው ከእውነተኛው ማሽን ጋር በመመሳሰሉ ሳይሆን፣ ሠሪው ሞዴሉ ከማሽኑ የት የት እንደሚለይና ለምን እንደሚለይ ለማስረዳት በመቻሉ ነው።

ለአብነት አንድ የታወቀ ሞዴል እንውሰድ። የዴንማርኩ ሌጎ ኩባንያ ሊብሄር አር 9800 የተባለውን የማዕድን ማውጫ ኤክስካቫተር በ4,108 ቁራጮች የሚገጣጠም ሞዴል አድርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 ለገበያ አቅርቧል። እውነተኛው ማሽን ወደ 800 ቶን ይመዝናል፤ ባልዲውም በአንድ ጊዜ ከ40 ሜትር ኩብ በላይ ይዝቃል። ሞዴሉ በ7 የኤሌክትሪክ ሞተሮች ይንቀሳቀሳል፤ ትእዛዝ የሚቀበለውም ከእጅ ስልክ ነው። ሁለቱ የመሄጃ ሰንሰለቶች ለየብቻቸው ይነዳሉ፤ አንዱ ወደፊት ሌላው ወደኋላ ሲሽከረከር ማሽኑ ባለበት ይዞራል። የላይኛው አካል በታችኛው ላይ ይሽከረከራል፤ ዋናው ክንድ፣ የፊተኛው ክንድና ባልዲው በየመገጣጠሚያቸው ይታጠፋሉ። እስከዚህ ድረስ ሞዴሉና ማሽኑ በእንቅስቃሴያቸው አንድ ናቸው።

ልዩነቱ የሚጀምረው ኃይሉ ከየት ይመጣል ብለን ስንጠይቅ ነው። በእውነተኛው ኤክስካቫተር ክንዱን የሚያነሣው በሲሊንደር ውስጥ የታመቀ ዘይት ነው። በእንዲህ ዓይነት ማሽኖች የዘይቱ ግፊት 300 ባር ሊደርስ ይችላል። ይህም በፒስተኑ ፊት ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ወደ 300 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ሸክም እንደ መጫን ይቆጠራል። በሞዴሉ ውስጥ ግን ዘይት የለም። በሲሊንደሩ ቦታ የተተካው፣ ሞተር ሲያዞረው የሚረዝምና የሚያጥር ባለ ብሎን ዘንግ ነው። ብሎን ብዙ ዙር ዞሮ ጥቂት ርቀት ስለሚጓዝ የሞተሩን አነስተኛ ኃይል ያበዛል። ከዚህም ሌላ ሞተሩ ሲቆም ሰበቃው ብሎኑን ስለሚይዘው ክንዱ በራሱ ክብደት አይወርድም። በእውነተኛው ማሽን ይህንኑ ተግባር የሚፈጽሙት ዘይቱን በሲሊንደሩ ውስጥ የሚዘጉት ቫልቮች ናቸው። ተግባሩ አንድ ሲሆን መንገዱ ሁለት ነው። ይህን ያስተዋለ ተማሪ አንድን ማሽን በተግባሩና በአሠራሩ ለይቶ ማየት ጀምሯል ማለት ነው።

ሁለተኛውና ከባዱ ልዩነት የመጠን ጉዳይ ነው። 800 ቶን የሚመዝነውን ማሽን ርዝመቱን፣ ወርዱንና ቁመቱን በ30 አካፍለን በዚያው ብረት ብንሠራው ምን ያህል ይመዝናል? ክብደት ይዘትን ስለሚከተል 800 ቶንን የምናካፍለው ለ30 ሳይሆን ለ30 ኩብ፣ ማለትም ለ27,000 ነው። ውጤቱ ወደ 30 ኪሎ ግራም ይሆናል። የክንዱ ጥንካሬ ግን የሚወሰነው በቁርጡ ስፋት በመሆኑ የሚቀንሰው በ900 ብቻ ነው። ስለዚህ ትንሹ ማሽን ከራሱ ክብደት አንጻር ከትልቁ 30 ጊዜ ይጠነክራል። ጋሊልዮ ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ አስረድቶታል። እንግዲህ የፕላስቲክ ክንድ ሳይጎብጥ ቀጥ ብሎ መቆሙ ስለ ትልቁ ማሽን ብርታት የሚያረጋግጠው ነገር የለም። ሞዴሉን በ30 እጥፍ አሳድገን በዚያው ቅርጽና በዚያው ፕላስቲክ ብንሠራው፣ ከክብደቱ አንጻር የነበረው ብርታት ወደ አንድ ሠላሳኛው ይወርዳል።

በእርግጥ በመመሪያው መጽሐፍ መሠረት መገጣጠምም ከንቱ ድካም አይደለም። ንድፍ ማንበብን፣ የሥራ ቅደም ተከተልን ማክበርንና ትዕግሥትን ያስተምራል። ሆኖም መመሪያውን እስከ መጨረሻው ገጽ ተከትሎ ሞዴሉን መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው፣ ውሳኔው ሁሉ በሌላ ሰው የተወሰነለት ነው። ትምህርቱ የሚጠልቀው አንዱን ጊር በሌላ ለውጦ፣ 8 ጥርስ ያለው ባለ 24 ጥርሱን ሲነዳ ፍጥነቱ ወደ ሲሶ እንደሚወርድና የማዞር ኃይሉ እንደሚጨምር በእጁ ሲያረጋግጥ ነው።

አንባቢያን «ይህ ውድ መጫወቻ በአገራችን ስንቱ ተማሪ እጅ ይገባል?» ብለው ቢጠይቁ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። መልሳችን ግን አጭር ነው፤ ትምህርቱ በጡቡ ውስጥ አይደለም። ከካርቶን፣ ከእንጨትና ውኃ ከተሞሉ ሲሪንጆች የሚሠራውን ቆፋሪ ክንድ እንመልከት። ሁለት ሲሪንጆችን በቀጭን ቱቦ አገናኝተን አንዱን ስንገፋ ሌላው ይወጣል። የተቀባዩ ዲያሜትር የገፊው ሁለት እጥፍ ከሆነ፣ ሰበቃውን ትተን ስናሰላ ኃይሉ 4 እጥፍ ሲሆን የሚጓዘው ርቀት ወደ ሩብ ይወርዳል። በቱቦው ውስጥ አየር ከቀረ ክንዱ ይለሰልሳል፣ ትእዛዝም ይዘገይበታል፤ አየር ሲታመቅ ውኃ ግን እምብዛም እንደማይታመቅ ተማሪው በጣቱ ይረዳል። ይህ ሻካራ የካርቶን ክንድ ኃይልን በፈሳሽ ግፊት የሚያስተላልፍ በመሆኑ፣ በዚህ ረገድ 4,108 ቁራጮች ካሉት ውብ ሞዴል ይልቅ ለእውነተኛው ኤክስካቫተር ይቀርባል።

ነገሩ ከጨዋታ የሚያልፈውም እዚህ ላይ ነው። በትምህርት ቤት የሳይንስ ዐውደ ርእይ ላይ ሽልማቱ ለቀለሙና ለመልኩ ከተሰጠ፣ ተማሪው የሚማረው ማስጌጥን ነው። ገንዘብ ያለውም አስቀድሞ አሸንፏል። ስለዚህ መምህራንና ዳኞች እያንዳንዱን ሠሪ ሦስት ጥያቄዎች እንዲጠይቁት እናሳስባለን። ሞዴልህ ከእውነተኛው ማሽን ጋር በምን ይመሳሰላል? በምን ይለያል? በ10 እጥፍ ቢያድግ መጀመሪያ የሚሰበረው የትኛው ክፍል ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ በምክንያት የሚመልስ ተማሪ፣ ሞዴሉ ከካርቶንም ይሁን ከውድ ጡብ፣ የምሕንድስናን ደጅ ረግጧል።