መዝገቡ ሲደፈር ተጠያቂው ማነው?

መገናኛ ስሙ እንደሚያመለክተው መንገዶች የሚገጣጠሙበት ስፍራ ነው። ከኮተቤና ከሲኤምሲ፣ ከገርጂና ከሾላ፣ ከሃያ ሁለትና ከየካ ተራራ ግርጌ የሚመጣው ሕዝብ ጧትና ማታ በዚያ ሲተላለፍ ላየ ሰው፣ የከተማው ኑሮ በአንድ አደባባይ ተጠቃልሎ የቀረበለት ይመስለዋል። ይሁን እንጂ በዚያ ስፍራ ከሰውና ከመኪና ሌላ ዐይን የማያየው ነገርም ሲተላለፍ ይውላል፤ ይኸውም የሰው መረጃ ነው። አንዱ በባንክ ቅርንጫፍ ሒሳብ ሊከፍት የፋይዳ ቁጥሩን ይሰጣል፤ ሌላው በቴሌብር ለዘመዱ ገንዘብ ይልካል፤ ሦስተኛው ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ መታወቂያውን ያስባዛል። በሚታየው መንገድ ላይ መኪና ሰው ቢገጭ፣ የትራፊክ ፖሊስ መጥቶ መንገዱን ለክቶ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይጽፋል። በማይታየው መንገድ ላይ ጉዳት ሲደርስ ግን ለክቶ የሚጽፈው ማነው? ጥፋተኛውስ ማን ይባላል? የዛሬው ጽሑፋችን የሚመለከተው ይህን ጥያቄ ነው።

በዘመናችን ባንኮችና ሌሎችም ታላላቅ ድርጅቶች ለዚህ ጉዳይ ሁለት ዐይነት ሹሞች ያቆማሉ። አንደኛው የመረጃ ደኅንነት ኀላፊ ነው፤ ሥራውም የኮምፒዩተሩን በር መጠበቅ ነው። ሁለተኛው ኮምፕሊያንስ የሚባለው ክፍል ኀላፊ ነው፤ ሥራውም ድርጅቱ በሕግና በደንብ መሠረት መሄዱን መከታተል ነው። ሰርጎ ገብ በሩን ሰብሮ የሕዝብ መረጃ ሲዘርፍ ቅጣቱ በድርጅቱ ገንዘብ ብቻ መቅረት አለበትን? ወይስ እነዚህ ሹሞች በራሳቸው ኪስና በራሳቸው ነጻነት ጭምር ይጠየቁ? ይህ ክርክር በውጭ አገር ፍርድ ቤቶች ከቀረበ ዓመታት ሆኖታል። ለእኛም ሩቅ አይደለም። ዛሬ በኮሌጅ ወንበር ላይ ያለው ተማሪና በመሥሪያ ቤት አዲስ የተቀጠረው ወጣት ከጥቂት ዓመታት በኋላ በእነዚህ ሹመቶች ላይ የሚቀመጡ ናቸውና፣ ነገሩን ከወዲሁ ቢያስቡበት ይጠቅማል።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት ፋይዳን መመልከት ይበቃል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው የዲጂታል መታወቂያ ሲመዘገብ የሰውየውን የዐሥር ጣቶቹን አሻራ፣ የዐይኑን ብሌንና የፊቱን ምስል ይወስዳል። ይህ ታላቅ የሥልጣኔ ሥራ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ማንነቱን ማስረዳት ተስኖት ከባንክ ደጅ ይመለስ ለነበረው ድኻ በር ከፍቶለታል። ይሁን እንጂ የጠፋ ቁልፍ ይለወጣል፤ የተሰረቀ የምስጢር ቁጥርም ይለወጣል፤ የጣት አሻራ ግን ከእናት ማሕፀን የተገኘ ስለሆነ የሚለወጥበት መንገድ የለም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን መዝገብ የሚጠብቅ ሰው የተረከበው አደራ ከገንዘብ ያዥ አደራ ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

በአገራችን ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው አንድ ነገር አለ። በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም.፣ ዐርብ በ6ኛው ቀን ሌሊት ለቅዳሜ አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር አሠራር ተዛብቶ ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያዛውሩ አደሩ። ወሬው በስልክ መልእክት ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው ተላለፈና ብዙ ተማሪዎች በሌሊት ገንዘብ መክፈያው ማሽን ዘንድ ተሰለፉ። ባንኩ ነገሩ ከሥርዓቱ ማሻሻያ ጋር የተያያዘ እንጂ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ፣ ያለአግባብ የወጣውም ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ያህል እንደሆነ ገለጠ። አብዛኛውም ገንዘብ ከጊዜ በኋላ ተመለሰ። ያልመለሱት ሰዎች ስምና ፎቶግራፍም በየቅርንጫፉ ተለጠፈ።

ይህ ነገር የመረጃ ዝርፊያ አልነበረም። ሆኖም ለጥያቄያችን የሚሰጠው ትምህርት አለ። ገንዘቡን ያወጣው ተማሪ ምን እንዲያደርግ እንደሚገባው በጥቂት ቀኖች ውስጥ አገር ሁሉ ዐወቀ፤ የማይገባውን የወሰደ ይመልስ የሚለው ሕግ ጥንትም ያለ ነውና። ማሻሻያው ሳይፈተሽ ሥራ ላይ እንዳይውል የመከልከል ሥልጣን ያለው ሹም ማነው? ባያደርገውስ ምን ይደርስበታል? የሚለውን ግን መንገደኛው ቀርቶ የባንክ ሠራተኛው ራሱ በቀላሉ የሚመልሰው አይመስለንም። ጉዳት ከደረሰ በኋላ ኀላፊ መፈለግ ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደተባለው ነው።

ወደ ውጭ አገር ብንመለከት ይህን ጥያቄ በሰፊው ያስነሣው የአሜሪካው የታክሲ ጥሪ ድርጅት የኡበር ጉዳይ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ሰርጎ ገቦች የ57 ሚሊዮን ደንበኞችና ሾፌሮች መረጃ ወሰዱ። የድርጅቱ የደኅንነት ሹም ጆሴፍ ሱሊቫን ቀድሞ የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ የነበረ፣ በሙያውም የተከበረ ሰው ነበር። ነገር ግን ለሰርጎ ገቦቹ 100 ሺህ ዶላር እንዲከፈልና ነገሩን እንዳይናገሩ ውል እንዲፈርሙ ተደረገ። በዚያን ጊዜ የመንግሥት የንግድ ኮሚሽን ድርጅቱን ስለ ሌላ የ2014 ዝርፊያ እየመረመረው ሳለ፣ አዲሱ ዝርፊያ ለመርማሪዎቹ አልተነገረም። ምስጢሩ በ2017 ሲወጣ ሱሊቫን ከሥራው ተባረረ። በ2022 የመንግሥትን ምርመራ በማደናቀፍና ወንጀልን ዐውቆ በመደበቅ ጥፋተኛ ሆነ፤ በ2023ም የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣትና የ50 ሺህ ዶላር መቀጫ ተፈረደበት። ይግባኙም በ2025 ውድቅ ሆነ።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር፣ ይህ ሰው የተቀጣው በሩ ስለተሰበረ አለመሆኑ ነው። በሩ መሰበሩን ስለደበቀ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው የአባቶቻችን ቃል ለዚህ ይስማማል። የመረጃ ባለቤቶች ዝርፊያው በጊዜ ቢነገራቸው የምስጢር ቁጥራቸውን በለወጡ፣ ሒሳባቸውንም ባስጠበቁ ነበር። መደበቁ ይህን የመዳን ጊዜ ስለሚነጥቃቸው ሁለተኛ ዝርፊያ ነው ማለት ይቻላል።

በሌላው ወገን ሶላርዊንድስ የተባለው የኮምፒዩተር ድርጅት ጉዳይ አለ። ሰርጎ ገቦች በዚህ ድርጅት የሥራ ማሻሻያ ውስጥ ተሸሽገው ወደ ብዙ መሥሪያ ቤቶች እንደገቡ በ2020 መጨረሻ ታወቀ። በ2023 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቈጣጣሪ፣ ድርጅቱንና የደኅንነት ሹሙን ቲም ብራውንን፣ የጥበቃውን ጉድለት ለባለአክሲዮኖች አልገለጣችሁም ሲል ከሰሳቸው። ዳኛው በ2024 የክሱን አብዛኛውን ክፍል ሰረዙት፤ ተቈጣጣሪውም በ2025 የቀረውን ተወው። በዚህ መካከል ግን ብዙ የሙያው ሰዎች፣ ነገ በግላችን የምንከሰስ ከሆነ ይህን ሥራ ማን ይይዘዋል? ሲሉ ተሰምተዋል። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። ሐኪም በሽተኛ በሞተበት ቁጥር የሚታሰር ቢሆን ኖሮ ለከባድ በሽታ ቢላዋ የሚያነሣ ሐኪም ባልተገኘ ነበር።

እንግዲህ ከሁለቱ ጉዳዮች ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማየት ይቻላል። አንደኛው ሰው የሚችለውን ሁሉ አድርጎ ሳለ የሚደርስ አደጋ ነው። ሁለተኛው መደረግ የሚገባው ታውቆ ሳለ በቸልታ መተው ነው። ሦስተኛው የደረሰውን መደበቅ ነው። ለመጀመሪያው ድርጅቱ ጉዳቱን ይካስ እንጂ ሹሙን መቅጣት አይገባም። ለሁለተኛው ሹሙ በሥልጣኑ ልክ ይጠየቅ። ለሦስተኛው ግን ምሕረት ሊኖር አይገባም።

ይህ ልዩነት ለሕጋችን እንግዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጐዳ ሰው ጉዳቱን እንዲክስ ያዝዛል። ቁጥር 2126 እና 2127 የመንግሥት ሠራተኛን ጥፋት በሁለት ይከፍሉታል፤ በሥልጣኑ ክልል ውስጥ ለመንግሥት ጥቅም መስሎት በቅን ልቡና የሠራው የሥራ ጥፋት ሲሆን፣ ከዚህ የወጣው የራሱ የግል ጥፋት ነው። በሥራ ጥፋት የተጐዳ ሰው ከመንግሥት ካሣ ሊጠይቅ ይችላል። ቁጥር 2129 ደግሞ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸው በሥራ ላይ ላደረሱት ጉዳት እንዲጠየቁ ያደርጋል። ኮምፒዩተር በአገራችን ባልታወቀበት ዘመን የተጻፈው ሕግ፣ ዛሬ የምንፈልገውን ሚዛን ከነመስፈሪያው አስቀምጦልናል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ አዳዲስ አዋጆች ተጨምረዋል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች በሚያስተዳድሩት ሥርዓት ወንጀል መፈጸሙን ሲያውቁ ወዲያውኑ እንዲያስታውቁ ግዴታ ጥሏል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ የያዘ ድርጅት መረጃው ሲደፈር በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንዲያሳውቅ ያዝዛል። ሕጉ አለ፤ የቀረው ሥራ በየመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ነው። ሰባ ሁለቱ ሰዓት ሲጀምር ደብዳቤውን የሚፈርመው ማነው? የበላዩ አትፈርም ቢለውስ?

ዋናው አደጋ ያለውም እዚህ ላይ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ ታላቁን መንካት ሲያስፈራ ታናሹን መምታት በየትም አገር ያለ ልማድ ነው። በሱሊቫን ጉዳይ እንኳ ዳኛው የድርጅቱ የበላይ ሥራ አስኪያጅ ለምን አብሮ እንዳልቀረበ በችሎት ጠይቀዋል። አንድ ወጣት የደኅንነት ሠራተኛ አሮጌው መሣሪያ እንዲለወጥ ሦስት ጊዜ ጽፎ ገንዘብ የለም ተብሎ ቢመለስ፣ ከዝርፊያው በኋላ እሱን ወደ ፍርድ ቤት መላክ ፍትሕ አይባልም። ገንዘቡን የከለከለው እጅ ኀላፊነቱንም መቀበል አለበት። ሥልጣንና ተጠያቂነት እንደ ጥንድ በሬ በአንድ ቀንበር ካልተጠመዱ እርሻው አይታረስም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች እንዲደረጉ እናሳስባለን። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ባንክና መሥሪያ ቤት የሕዝብን መረጃ የሚጠብቀው ሹም ማን እንደሆነ፣ ምን የማዘዝና ምን የማገድ ሥልጣን እንዳለው በጽሑፍ ይወስን። ሁለተኛ ይህ ሹም የሥራ አስኪያጁን ፈቃድ ሳይጠብቅ ለዳይሬክተሮች ቦርድና ለተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት በቀጥታ የሚናገርበት በር ይከፈትለት። ሦስተኛ አደጋውን በጊዜ የተናገረ ሹም በመናገሩ ከቅጣት እንዲጠበቅ፣ የደበቀ ግን በግሉ እንዲጠየቅ በደንብ ይጻፍ። የተናገረና የደበቀ እኩል የሚቀጡ ከሆነ ሁሉም መደበቅን ይመርጣልና።

ለወጣት ሠራተኞችም አንድ ቃል አለን። ያያችሁትን ጉድለት በቃል ብቻ ተናግራችሁ አትተዉ፤ ቀን ጽፋችሁ በመዝገብ አስገቡት። ይህን የምንለው ራሳችሁን ለማዳን ብቻ አይደለም። በመገናኛ ቅርንጫፍ ጣቷን በመሣሪያው ላይ አሳርፋ የወጣችው የጉሊት ነጋዴ መረጃዋ በየትኛው ክፍል እንደሚቀመጥ አታውቅም፤ የሚጠብቅላትንም ሹም አይታው አታውቅም። አምና ሰጥታለች። የዚህን አመኔታ ዋጋ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ሳይቃጠል በቅጠል ብሎ ዛሬ መወሰን፣ ነገ በችሎት ከመከራከር ይሻላል እንላለን።