ዝና ቢጎድል ዘፈን አይጎድልም

የአየርላንዱን ባንድ ዩቱን ለረጅም ዘመን የወደድን ሰዎች ስንሰባሰብ፣ ሁላችንም በልባችን ይዘነው የምንመጣ ግን ማንም አፍ አውጥቶ ሊጀምረው የማይፈልግ ጥያቄ አለ። ባንዱ በዓለም ላይ የነበረው ዝና እየደበዘዘ ነው ወይ? ድንገት አንድ ሰው ካነሳው ክርክሩ ወዲያው ይጦፋል። አንዱ የኮንሰርት ትኬት ሽያጭ ይጠቅሳል፤ ሌላው የግራሚ ሽልማቶችን ይቆጥራል፤ ሦስተኛው «የዛሬ ልጆች ሙዚቃ አያውቁም» ብሎ ነገሩን ሊዘጋው ይሞክራል። እኔ ግን ጥያቄው ቀጥተኛ መልስ ይገባዋል እላለሁ። አዎ፣ እየደበዘዘ ነው። ይህን መናገር አያስደስተኝም፤ ከወጣትነቴ ጀምሮ ያልተለዩኝ ዘፈኖች ናቸውና። ነገር ግን ባንዱን ከዝናው መቀነስ ይበልጥ የጎዳው «ዝናዬ ይቀንስብኛል» የሚለው ፍርሃት ነው ብዬ አምናለሁ። ያ ፍርሃት ወደ እኛ ወደ አፍቃሪዎቹም እየተጋባ ስለሆነ በግልጽ ብናወራው ይሻላል።

በቅድሚያ ከፍታው ምን ያህል እንደነበር እናስታውስ፤ ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1976 ደብሊን ውስጥ በሚገኘው ማውንት ቴምፕል ትምህርት ቤት የ14 ዓመቱ ላሪ መለን ባንድ ለማቋቋም ጓደኛ እንደሚፈልግ የሚገልጽ ማስታወቂያ ለጠፈ። ከመጡት ልጆች መካከል በኋላ ድምፃዊ የሆነው ቦኖ፣ ጊታር ተጫዋቹ ዲ ኤጅ እና አዳም ክሌይተን ነበሩ። ጥቂት ቆይቶ አራቱ ብቻ ቀሩ፤ እነዚያው አራቱ ለአሥርት ዓመታት ሳይለያዩ ዘለቁ። ጁላይ 13 ቀን 1985፣ ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ገንዘብ ለማሰባሰብ በተዘጋጀው ላይቭ ኤይድ ላይ፣ ቦኖ ከዌምብሌይ ስታዲየም መድረክ ዘሎ ወርዶ ከአንዲት ታዳሚ ጋር ሲወዛወዝ ዓለም በቴሌቪዥን ተመለከተው። በ1987 ከወጣው «ዘ ጆሽዋ ትሪ» አልበም ሁለት ዘፈኖች በአሜሪካ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኑ። በ1991 «አክቱንግ ቤቢ» ተከተለ። እስካሁን የተሰበሰቡት ግራሚዎች 22 ናቸው፤ ይህን ያህል የወሰደ ሌላ ባንድ የለም።

«አልደበዘዘም» የሚሉት ወገኖች በእጃቸው ጠንካራ ማስረጃ እንዳለ አልክድም። ከ2009 እስከ 2011 የተካሄደው የ360 ዲግሪ ጉዞ 110 ኮንሰርቶች ነበሩት፤ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ታደመባቸው፤ 736 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገቢ ተገኘባቸው። ያንን ክብረ ወሰን ኤድ ሺራን የሰበረው በ2019 ነው። በሴፕቴምበር 2023 መጨረሻ ላስ ቬጋስ ውስጥ ስፌር የተባለው ግዙፍ ክብ አዳራሽ ሲከፈት በመጀመሪያ የተጋበዘው ዩቱ ነበር፤ እስከ ማርች 2024 ድረስ 40 ምሽቶች ተጫወተ። ላሪ መለን በጤና ምክንያት ከድራሙ ርቆ በሌላ ሰው ተተክቶ እንኳን አዳራሹ አልጎደለም። በ2019 ደግሞ ባንዱ በሙምባይ፣ በሴኡልና በማኒላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫውቷል። ከ40 ዓመት በላይ ከሠራ በኋላ አዳዲስ ከተሞች የሚቀበሉትን ባንድ እንዴት ደበዘዘ እንለዋለን?

መልሱ ሕዝቡ ምን ሊሰማ እንደመጣ ስንጠይቅ ይገኛል። በ2017 የተጀመረውና እስከ ሙምባይ የዘለቀው ጉዞ የ«ዘ ጆሽዋ ትሪ» 30ኛ ዓመት መታሰቢያ ነበር። የስፌሩ ዝግጅት የተሠራው በ«አክቱንግ ቤቢ» ዙሪያ ነው። በ2023 የወጣው «ሶንግስ ኦቭ ሰረንደር» 40 የቆዩ ዘፈኖች እንደገና የተቀዱበት ስብስብ ነው። እነዚህ ሥራዎች የማይረቡ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ አንዳንዶቹን እወዳቸዋለሁ። ግን ትኬት የሚለካው ትናንት የተተከለውን ፍቅር ነው። በ1987 የ18 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ የተሻለ ገቢ ስላለው ውዱን ትኬት ይገዛል፤ ስታዲየሙ ይሞላል። የዛሬው የ18 ዓመት ወጣት የት ነው ያለው የሚለውን ግን የትኬቱ ቁጥር አይነግረንም።

የእህቴ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ሙዚቃ ከጆሮዋ አይለይም፤ የኮሪያውንም የናይጄሪያውንም የአገራችንንም እኩል ታውቃለች። አንድ ቀን እኛ ቤት መጥታ «ዌር ዘ ስትሪትስ ሃቭ ኖ ኔም» እየተጫወተ ነበር። የጊታሩን መግቢያ ሰማችና፣ «ጋሼ፣ ይሄ ኮልድፕሌይ ነው አይደል?» አለችኝ። አለመሆኑን ስነግራት ትንሽ አፈረች፤ ግን ማፈር አልነበረባትም። ዲ ኤጅ ጥቂት ኖታዎችን መትቶ የማሚቶው መሣሪያ እየደጋገመ እንዲያበዛቸው የሚያደርግበት አጨዋወት ከእሱ በኋላ በመጡ ብዙ ባንዶች ውስጥ ገብቷል። ኮልድፕሌይም ከዩቱ መማራቸውን ደብቀው አያውቁም፤ በ2008 ያወጡትን «ቪቫ ላ ቪዳ» አልበም ካዘጋጁት አንዱ «ዘ ጆሽዋ ትሪ»ን ያዘጋጀው ብራያን ኢኖ ራሱ ነበር። የእህቴ ልጅ ድምፁን ታውቀዋለች፤ የማታውቀው የባለቤቱን ስም ነው። ስሙ ከሙዚቃው ቀድሞ መረሳት ጀምሯል ማለት ነው።

ይህ ለምን ሆነ ቢባል፣ አንዱ ምክንያት ባንዱን ትልቅ ያደረገው በር መዘጋቱ ነው። በ1980ዎቹ አንድን ዘፈን ዓለም በአንድ ጊዜ የሚሰማባቸው መንገዶች ጥቂት ነበሩ፤ ሬዲዮ፣ የሙዚቃ ቴሌቪዥንና የአልበም መደብር። እነዚያን ያለፈ ባንድ የሁሉም ሰው ባንድ ይሆን ነበር። ዛሬ እያንዳንዱ አድማጭ በስልኩ የራሱን ሰልፍ ያሰልፋል፤ የጊታር ባንድም ከብዙ አማራጮች መካከል አንዱ ብቻ ሆኗል። ዩቱ ደግሞ የተዋጣለት በሙሉ አልበም ነው፤ ዘፈኖቹ ቀስ ብለው ይነሱና ኋላ ላይ ይከፈታሉ። በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ካልያዘው ለሚያልፍ ጆሮ አልተሠሩም። በርግጥ የቆየ ሙዚቃ ወደ ወጣቱ የሚመለስበት መንገድ አለ። በ2018 የወጣው ፊልም ክዊንን ከአዲስ ትውልድ ጋር አስተዋውቋል። በ1985 የወጣው የኬት ቡሽ ዘፈን በአንድ ተከታታይ ፊልም ምክንያት በ2022 እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ሆኗል። ዩቱ እንዲህ ያለ ዕድል ገና አልገጠመውም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳዝነኝ የ2014ቱ ውሳኔ ነው። በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር ወር ባንዱ ከአፕል ጋር ተስማምቶ «ሶንግስ ኦቭ ኢኖሰንስ» የተባለውን አዲስ አልበሙን ለ500 ሚሊዮን የአይቱንስ ደንበኞች በነፃ አደለ። ሰዎች ያልጠየቁት አልበም ከሙዚቃ ስብስባቸው ውስጥ ገብቶ አገኙት። ብዙዎች ተቆጡ፤ ኩባንያው አልበሙን ማጥፊያ ዘዴ ለማዘጋጀት ተገደደ፤ ቦኖም በቀጣዩ ወር ይቅርታ ጠየቀ። እሱ ራሱ ዘፈኖቹ ሳይሰሙ ይቀራሉ የሚል ስጋት እንደነበረባቸው አልሸሸገም።

ያ አልበም የያዘውን የሚያውቅ ሰው ሐዘኑ ይበረታበታል። «አይሪስ» የተባለው ዘፈን ቦኖ በ14 ዓመቱ በሞት ለተነጠቃት እናቱ የተዘፈነ ነው። «ሲዳርውድ ሮድ» ስላደገበት ሰፈር ነው። ሰው በዝግታ፣ በራሱ ፈቃድ፣ ምናልባትም ብቻውን ሆኖ ሊሰማው የሚገባ ሥራ ነበር። ከሁሉም አልበሞቻቸው የግል ገመና የበዛበትን ወስደው ላልጠየቀ ሰው ሁሉ ደጅ ላይ አኖሩት። ዛሬ ያ አልበም ሲነሳ የሚወራው ስለ እናቱ ሞት አይደለም፤ ስለ ስልክና ስለ ቁጣ ነው። ፍርሃት ያደረገው ይህንን ነው። እንዳይረሳ የተጨነቁለትን ሥራ ራሳቸው ጋረዱት።

እነዚሁ ሰዎች ግን አንድ ጊዜ ዝናን ለመጣል ደፍረው ያውቃሉ። በ1988 የወጣው «ራትል ኤንድ ሃም» ብዙ ቢሸጥም ሐያሲያን ክፉኛ ነቀፉት፤ ራሳቸውን ከታላላቆቹ ጋር ያስተካክላሉ፣ ስብከት ያበዛሉ ተባሉ። በ1989 ማብቂያ ላይ ቦኖ በትውልድ ከተማው መድረክ ቆሞ፣ ሄደን ሁሉንም ነገር ከመጀመሪያው እንደገና ማለም አለብን ሲል ለታዳሚው ነገረ። በቀጣዩ ዓመት በርሊን ወደሚገኘው ሃንዛ ስቱዲዮ ገቡ። እዚያም ተጣሉ፤ ሊበተኑ ተቃረቡ። ሕዝቡ የሚያውቀውን ድምፃቸውን ትተው ሻካራና የተጨነቀ ድምፅ ፈለጉ። «ዋን» የተባለው ዘፈን የተወለደው በዚያ ጭንቅ መካከል ነው። «አክቱንግ ቤቢ» አድማጭን ሊያሳጣቸው ይችል ነበር፤ ሆኖም ከ30 ዓመት በኋላ ላስ ቬጋስን የሞላላቸው እሱው ነው። ዛሬ የሚበሉት ትናንት ላለመወደድ ደፍረው የዘሩትን ነው።

ከዚያም በፊት የሆነ፣ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚቀርብ ታሪክ አለ። ዩቱ አዲስ አበባ ላይ ተጫውቶ አያውቅም፤ በአፍሪካ መድረክ የታየው በ1998 እና በ2011 በደቡብ አፍሪካ ነው። እኛ ዘንድ ሬጌውና ሶሉ ሲናኝ ሮክ የጥቂቶች ነበር። የባንዱ «ዓለም አቀፍ» ዝና በከፍታው ዘመንም ዓለምን ሙሉ አልሸፈነም። ቢሆንም ከዘፈኖቻቸው ሁሉ ከፍ ብሎ የሚታየው አንዱ ከወሎ ጋር የተሳሰረ ነው። ከላይቭ ኤይድ ጥቂት ወራት በኋላ፣ እኛ በራሳችን አቆጣጠር የ77ቱ ድርቅ በምንለው በዚያ ክፉ ዘመን፣ ቦኖና ባለቤቱ አሊ በዝምታ ወሎ ውስጥ ወዳለችው አጅባር መጡ። በረሃብ ከተጎዱ ሰዎች መጠለያ ውስጥ ለአንድ ወር ያህል ሠሩ፤ ለሕፃናቱ ጤናና ንጽሕና የሚያስተምሩ መዝሙሮችና አጫጭር ተውኔቶች አዘጋጁ። አንድ አባት ልጄን ውሰድልኝ፣ ካንተ ጋር ከሆነ ይኖራል ብሎ እንደለመነው ቦኖ ዕድሜውን ሙሉ ሲናገር ኖሯል።

የ«ዌር ዘ ስትሪትስ ሃቭ ኖ ኔም» የመጀመሪያ ቃላት የተጻፉት በዚያ ጉዞ ነው፤ አውሮፕላን ውስጥ ለሚያቅለሸልሸው መንገደኛ በሚሰጥ የወረቀት ከረጢት ላይ። ሐሳቡ ውስጥ ቤልፋስትም አለች፤ ሰው የሚኖርበት መንገድ ሃይማኖቱንና የኑሮ ደረጃውን የሚያሳብቅባት ከተማ። ዘፈኑ እንዲህ ያለ ማንነት የማይጠየቅበትን ስፍራ ይናፍቃል። ጊዜውን ልብ በሉልኝ። ከዌምብሌይ በኋላ ዓለም ስሙን በሚጠራበት ሰዓት ቦኖ ስሙን ማንም ወደማያውቅበት አገር ሄደ፤ ያገኘውም ዛሬ ስታዲየም የሚያስነሳውን ዘፈን ነው። በአጅባር መጠለያ ውስጥ ቦኖ ዝነኛ አልነበረም፤ ለሕፃናት መዝሙር የሚያዘጋጅ አንድ ፈረንጅ ነበር። ያን ዘፈን ለመጻፍ ደግሞ ያ በቂ ነበር።

ስለዚህ ዝናው መቀነሱን ሳስብ አልደነግጥም። ዝና ሕዝብ የሚሰጠውና ሕዝብ የሚነሳው ነገር ነው፤ ማንም ባንድ ለዘላለም ይዞት አልኖረም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በ2017 ከወጣው «ሶንግስ ኦቭ ኤክስፒሪየንስ» በኋላ ባንዱ አዲስ ሙሉ አልበም ሳያወጣ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ በመካከሉ የትናንቱ ሥራ ደጋግሞ ታደሰ። በ60ዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉ አራት ሰዎች ስለ እርጅና፣ ስለ ጓደኝነት፣ ስለ ሕመም፣ ስለ እምነት የሚሉት ብዙ ነገር አላቸው። እነሱ ባሉበት ዕድሜ ሆኖ፣ ከዚያው የልጅነት ጓደኛ ጋር፣ ስለዚህ ሊዘፍን የሚችል ባንድ በጣም ጥቂት ነው። ያንን ለ500 ሚሊዮን ሰው ብለው ሳይሆን መስማት ለሚፈልግ ሰው ብለው ቢሠሩት፣ ትንሽ አልበም ቢሆን እንኳን፣ እኔ በደስታ እገዛዋለሁ።

እኛም አፍቃሪዎቹ ድርሻ አለን። ባንዱን ለመከላከል የትኬት ገቢ መጥቀሳችንን እናቁም፤ ማንም ሰው በሰባት መቶ ሚሊዮን ዶላር ምክንያት ዘፈን ወዶ አያውቅም። የዛሬ ወጣቶችንም አንውቀሳቸው፤ ለእነሱ ያልተላለፈ ነገር ካለ አስተላላፊዎቹ እኛ ነበርን። «አክቱንግ ቤቢ»ን ወይም «ዘ ጆሽዋ ትሪ»ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ወጣት አጠገባችን አስቀምጠን እናሰማ፤ ከወደደው ይወደዋል፤ ካልወደደው ደግሞ የእሱን እንስማለት። ዩቱ የዓለም ሁሉ ባንድ የነበረበት ጊዜ አልፏል። ከአሁን ወዲህ የሚሰማው የመረጠው ሰው ነው፤ ለዘፈን ደግሞ በግድ ከሚሰማ ሚሊዮን ይልቅ መርጦ የሚሰማ አንድ ሰው ይበልጥበታል።